የቱ እግሩ ነው?

እኔ ያደግሁበት ሰፈር፣ ውሻ ገላው የሚታጠብ
በክረምት ነበር፣ ዶፉ ጣራ ሲደበድብ፤
ሳሙናው ጭቃ፣ ፎጣው ፀሐይ፣
ቀጠሮውም ደመና ነው፣ ከታየ በሰማይ።

እዚህ ማናማ፣ ብስኩት ካርድ አለው የራሱ፤
ዐሥራ አራት ዓመቱ፣ ክትባቱ፣ ተመዝግቧል እስከ ጥርሱ።
ግራ ዓይኑ እርጎ መስሏል፣ ጆሮው ከራቀ ቆይቷል፣
ደረጃ ፊት ሲደርስ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ይቆማል።

ማዳም ሙኒራን የጉልበት ሕመም ከያዛት ጀምሮ
ማሰሪያውም ቁልፉም ወደ እኔ ዞሯል ዘንድሮ።
«አሚን ሰው ፈልጊለት» አለችኝ በአረብኛዋ፤
«አሜን» አልኩ፣ መስሎኝ ጸሎቷ፣ ምልጃዋ፤
ኋላ ነው የገባኝ፣ «ታማኝ» ማለት ነው ቃሉ።
ታማኝ ደግሞ በምን ይለያል፣ ሁሉም «እኔ ነኝ» ካሉ?

የመጀመሪያው ቤት ጁፈይር ነው፤
ሽቶው ወጥቶ ከመንገድ ይቀበላል።
ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃ በብርጭቆ መጣልኝ፤
ብስኩትን ግን ጓዳ አስገብተው በሩን ዘጉብኝ።
«ልየው?» ብል፣ «አይፈቀድም» አለች ልጅቷ በፈገግታ፣
እንደ መቀስ በምትከፍተው፣ በምትዘጋው ባንድ አፍታ።
ማድረቂያው ሲያጓራ ሰማሁ። ከሥሩ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።
በሩን በክርኔ ገፍቼ፣ እርጥቡን አቅፌው ወጣሁ፤
ግማሽ ጎኑ አረፋ፣ ግማሽ ጎኑ ድንጋጤ።
ዐሥር ዲናሩን አልመለሱም።
ውሃውንም ሳልቀምሰው ነው መውጣቴ።

ሁለተኛው ርካሽ ነበር።
«ይናከሳል?» እንኳ ሳይል አፉን ሊያስር ተነሣ።
«ያረጀ ውሻ ቶሎ ነው የሚያልቀው» አለኝ፤
ስለ ሥራው ይሁን ስለ ዕድሜው፣ እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛው ሙሐረቅ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስገባ።
ቲካራም ይባላል፣ የኔፓል ሰው፣ ጣተ አጭር፤
የጓዳውን በር ነቅሎ ከግድግዳው አስደግፎታል፣
«ለአየር» አለኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው።
መቀሱን አላነሣም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ፣
መዳፉን ዘርግቶ ዝም አለ።
ብስኩት አሸተተው፣ ራቀው፣ ዞረ፣
ተመልሶ አሸተተው፤ ሰውየው እንደተቀመጠ ነበረ።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከእኔው በባሰ አረብኛ፣
«የቱ እግሩ ነው የሚያመው?» አለኝ።

«የኋላ ቀኙ» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በሦስት ቤት፣ በሁለት ኤጀንሲ፣ በስምንት ዓመት ከመንፈቅ፣
ጥርሴን አይተዋል፣ ደሜን አይተዋል፣ ፓስፖርቴን አይተዋል፤
ይቺን ግን

ተውኝ፤ ስለ ውሻው ነው የማወራው።
ቲካራም ከሆዱ ሥር ፎጣ ጠቅልሎ ደገፈው፣
ቀኝ እግሩ ሳይጫን፣ ጥፍሩን አንድ በአንድ ቆረጠው፤
በየመሀሉ ያርፋል፣ የደከመው እሱ ይመስል።
ማድረቂያውን ከሶኬቱ ነቀለው። በጨርቅ አደረቀው።
ግራ ጎኑ ተከርክሞ ቀኙ እንደተንጨፈረረ
«በቃ፣ ቀሪውን ሐሙስ» አለኝ፤
«ሽማግሌ ባንድ ቀን አይላጭም።»
የከፈልኩትም ግማሹን ብቻ ነበር።

ማዳም ሙኒራ ስታየው ሳቀች፤
«ግማሽ በግ፣ ግማሽ ውሻ! ሰውየው አሚን ነው?» አለች።
«እግሩን ጠየቀ» አልኳት።
ሳቋን ተወችው። ጉልበቷን አሻሸች፣ መስኮቱን አየች፤
«ሐሙስ እኔም እሄዳለሁ» ብላ ዝም አለች።

ማታ ወደ ላይ ስንወጣ፣ እሱ እንደልማዱ ቆመ።
እኔም ቆምኩ። የእኔ ግራው ነው።
መብራቱ ጠፍቶ በራ፤
ሁለታችንም የመጀመሪያዋን ደረጃ እያየን፣
ማንም አላጣደፈንም።